ርኅራኄ ሙያ ሲያንሰው፤ ከቦንጋዎን እስከ ጎማ

ጎማ በኪቩ ሐይቅ ዳር፣ ከእሳተ ገሞራ ተራራ ሥር የተቆረቆረች ከተማ ናት። መሬቷ ቀልጦ የፈሰሰ፣ ኋላም የረጋ ጥቁር ዐለት ነው፤ ዶማ አይበሳውም። ይህን አስቀድመን የምንናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። በሐምሌ 1994 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዘመኑ ሁሉ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ከሩዋንዳ ድንበር ተሻግሮ በጥቂት ቀናት ውስጥ አካባቢውን ያጥለቀለቀው ሕዝብ ከ500 ሺህ እስከ 800 ሺህ ይገመታል። ያ ሁሉ ሰው ዐለት ላይ ሰፈረ። ሽንት ቤት መቆፈር አልተቻለም፤ መቃብር መቆፈርም አልተቻለም። የሚጠጣው የሐይቁን ውኃ፣ የሚጸዳዳውም እዚያው ዳርቻው ላይ። ኮሌራ ገባ፤ የደም ተቅማጥም ተከተለ። በመጀመሪያው አንድ ወር ብቻ ወደ 50 ሺህ የሚጠጋ ሰው አለቀ። ሬሳው በሰሌን እየተጠቀለለ መንገድ ዳር ይደረደር ነበር። እነዚህ ስደተኞች እነማን እንደ ነበሩና ከምን እንደ ሸሹ ኋላ እንመለስበታለን፤ ነገሩ እንደ ሰሌኑ ተጠቅልሎ የሚታለፍ አይደለምና።

መቼም ዓለም አልመጣም አይባልም። መጥቷል። አውሮፕላን በአውሮፕላን ላይ ሲያርፍ ሰነበተ። ከ100 በላይ የረድኤት ድርጅቶች የየራሳቸውን ባንዲራና የየራሳቸውን ካናቴራ ይዘው ወረዱ። ሐኪሙ የዓመት ፈቃዱን ወስዶ፣ ነርሷ ከሆስፒታሏ አስፈቅዳ፣ የዩኒቨርሲቲው ምሩቅ ሻንጣውን አንጠልጥሎ መጣ። ልባቸውን አንጠራጠርም። አንድ ሰው የሞቀ ቤቱን ትቶ ሬሳ ወደ ተደረደረበት አገር የሚሄደው ለክፋት ነው ብንል ውሸት ይሆናል።

ነገር ግን ከመጡት መካከል የባንግላዴሽ ሐኪሞችም ነበሩ። እነዚህ ሰዎች በዳካ ከሚገኘው የተቅማጥ በሽታዎች ምርምር ማዕከል የተላኩ ናቸው፤ ኮሌራ ለነሱ የየዓመቱ እንግዳ ነው። ጎማ ገብተው የሕክምና ድንኳኖቹን ሲያዩ ያገኙትን በ1995 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡት። የጽሑፋቸው ርእስ ራሱ ክስ ነው፤ በጎማ የነበሩት የሕክምና ጣቢያዎች የኮሌራን ሞት ለምን ሊያቆሙ እንዳልቻሉ የሚጠይቅ ነው። ምን አገኙ? በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አወራረዱ እጅግ ቀርፋፋ ሆኖ፤ ፈሳሹም ቢሆን አንዳንዴ ለበሽታው የማይሆነው ዓይነት ሆኖ፤ በአፍ የሚጠጣው ደግሞ ቸል ተብሎ፤ የጤና ሠራተኞቹም ኮሌራን አክመው የማያውቁ ሆነው አገኟቸው።

እዚህ ላይ ለሕክምና ተማሪ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ይቅርታ ጠይቀን፣ እኛ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች የገባንን ያህል እናስረዳ። ኮሌራ (እኛ ዘንድ ስሙ እየተፈራ «አተት» ሲባል የኖረው) ሰውን የሚገድለው አድርቆ ነው። የጠናበት ሰው በሰዓት ከአንድ ሊትር በላይ ፈሳሽ ሊያጣ ይችላል። እንግዲህ አንድ ሊትር እየወጣ በጠብታ የሚተካ ከሆነ ያ ሰው ይሞታል፤ በክንዱ ላይ መርፌው እንደ ተሰካ ይሞታል። ደግሞ እኛ በልማድ ከብረት ላይ የተንጠለጠለውን ሁሉ «ግሉኮስ» እንላለን እንጂ፣ ለኮሌራ የስኳር ውኃ ብቻውን በደም ሥር ቢገባ አይበጅም፤ የወጣው ጨው መመለስ አለበት። የሚያስፈልገው ትክክለኛው ፈሳሽ፣ በብዛትና በፍጥነት፣ ሕመምተኛው ለመጠጣት ሲችል ደግሞ ወዲያው የጨውና የስኳሩ ውኃ፣ ማለት ኦአርኤስ ነው። በደንብ በተያዘ ጣቢያ ከ100 የኮሌራ ሕመምተኛ አንድ እንኳ መሞት የለበትም። ይህ በ1994 አዲስ ግኝት አልነበረም። ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል።

እንዴት እንደ ታወቀ መናገር አለብን፤ ምክንያቱም የጎማ ታሪክ ያለ ቦንጋዎን ታሪክ ግማሽ ነው።

በ1971 የዛሬዋ ባንግላዴሽ ምሥራቅ ፓኪስታን ትባል ነበር። ከፓኪስታን ለመለየት በተደረገው ጦርነት ጊዜ 10 ሚሊዮን ያህል ሰው ወደ ሕንድ ተሰደደ። ከድንበሩ አጠገብ ባለችው የሕንድ ከተማ በቦንጋዎን ኮሌራ ተነሣ። ዲሊፕ ማሃላናቢስ የሚባሉ የካልካታ ሐኪም እዚያ ተላኩ። ሲደርሱ ሕመምተኛው ወለሉ ላይ፣ በትውከትና በዓይነ ምድር መካከል ተነጥፎ ነበር። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሊያልቅ ደርሷል፤ የሚተክለውም ሰው የለም። የጨውና የስኳሩ ውኃ በዳካና በካልካታ ሆስፒታሎች ውስጥ ተሞክሮ እንደሚሠራ ታውቋል፤ ግን በሐኪም ዓይን ሥር፣ በንጹሕ አልጋ ላይ። ከሆስፒታል ውጭ፣ በጭቃ ውስጥ፣ ባልተማረ እጅ ይሰጥ ያለ አልነበረም ማለት ይቻላል።

ማሃላናቢስ አማራጭ አልነበራቸውም። ለአንድ ሊትር ውኃ 22 ግራም ግሉኮስ፣ 3.5 ግራም የገበታ ጨው፣ 2.5 ግራም ቤኪንግ ሶዳ አስለክተው፣ በፌስታል አሳሽገው፣ በበርሜል አስበጥብጠው ለሕመምተኛው ዘመዶች ሰጡ። እናት ለልጇ፣ ወንድም ለእኅቱ በኩባያ እየቀዳ አጠጣ። ከዚያ በፊት ከ100 ሕመምተኛ 30 ያህሉ ይሞት በነበረበት ሰፈር ሞቱ ወደ 3.6 በመቶ ወረደ። የዓለም የጤና ድርጅት ዘዴውን በዓለም ዙሪያ ለማስፋፋት ከቆረጠበት ጊዜ ድረስ ገና ሰባት ዓመት ያህል መጠበቅ ነበረበት። ባለሙያው ዓለም ተጠራጥሮ ነበር፤ ነገሩ በጣም ቀላል ሆነበት መሰለን። ማሃላናቢስ በጥቅምት 2022 ዐረፉ።

እንግዲህ ሁለቱን ሰፈሮች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። በቦንጋዎን ገንዘብ የለም፣ አውሮፕላን የለም፤ የሚያጠጣው ማንበብ የማይችል ዘመድ ነው፤ ሕመምተኛው ግን ዳነ። በጎማ ገንዘብ አለ፣ አውሮፕላን አለ፣ ዲግሪ አለ፤ ሕመምተኛው መርፌው ክንዱ ላይ እንዳለ ሞተ። ፍትሕ ለመናገር የጎማው ብዛትና ፍጥነት ከቦንጋዎን ጋር አይተካከልም፤ ብዙው ሰው የሞተው ከድንኳኑ ውጭ፣ ሐኪም ሳያየው፣ ንጹሕ ውኃ ገና ሳይደርስ ነው። ይህን ሁሉ ከቀነስንለት በኋላም ግን የሚቀር ዕዳ አለ። ዕዳው የርኅራኄ ሳይሆን የሙያ ነው።

«ታዲያ በዚያን ጊዜ ትምህርት ቤቱ አልነበረማ!» የሚል ይኖራል። ነበረ። ሬድአር የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር በ1980 እንግሊዝ አገር ተቋቁሟል፤ መሥራቹ በማሌዥያ የቬትናም ስደተኞች ሰፈር ሠርቶ የተመለሰ መሐንዲስ ነው። ባዮፎርስ በ1983 ሊዮን አጠገብ ተከፍቷል። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ በ1986 ለብዙ ሕዝብ የሚደርስ የአደጋ ጊዜ ጤና ትምህርት ጄኔቭ ላይ ጀምሯል። ችግሩ ትምህርት ቤት መታጣቱ ሳይሆን በበሩ ሳያልፉ መሳፈር መቻሉ ነው። ሐኪም ያለ ፈቃድ ክሊኒክ ቢከፍት ይታሰራል፤ ሹፌር ያለ መንጃ ፈቃድ ቢያሽከረክር ይቀጣል። ጎማ ለመውረድ ግን ካናቴራና የአውሮፕላን ቲኬት ይበቃ ነበር። ለምን? በእኛ አስተያየት መልሱ ካሜራው ዘንድ ነው። በዚያ ሐምሌ ባንዲራው ጎማ ላይ ያልታየ ድርጅት አገሩ ላይ ለጋሽ አያገኝም። ስለዚህ መጀመሪያ መድረስ፣ ማወቅ ኋላ።

ከዚያ በኋላ የሆነው የሚያስመሰግን ነው፤ አንክድም። በዴንማርክ መንግሥት አነሣሽነት ብዙ ለጋሽ መንግሥታትና ድርጅቶች ተባብረው ስለ ሩዋንዳው ርዳታ ትልቅ ምርመራ አስደረጉ። በመጋቢት 1996 ታትሞ ሲወጣ ወዳጅና ጠላት አልለየም። ብዙዎቹ ድርጅቶች በደንብ ሠርተዋል፣ አንዳንዶቹ ግን ሳያውቁ ገብተዋል፣ አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ መንግሥታት ዘር ሲጨፈጨፍ ዝም ብለው ኋላ ብርድ ልብስ በመላክ ሊተኩት አይችሉም፣ አለ። ከዚህ ምርመራ ጋር በተያያዘ ስፊር የተባለው ውጥን በ1997 ተጀመረ። ስፊር ያወጣው መጽሐፍ በየጊዜው እየታረመ እስከ 2018 ደርሷል፤ ዛሬ በየመጠለያው የሚሠራ ሰው ይዞት የሚዞረው እሱን ነው። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውኃ። ለ20 ሰው አንድ ሽንት ቤት። ለአንድ ሰው 3.5 ካሬ ሜትር መጠለያ። በቀን 2,100 ካሎሪ።

ቁጥሩ ደረቅ ነው፤ እንደኛ ግጥም ለሚወድ ሰው ያስቸግራል። ግን ከያንዳንዱ ቁጥር ሥር የጎማ ዐለት አለ። በዚያው በ1997 የአየርላንድ ዝርያ ያላቸው አሜሪካዊው ሐኪም ኬቪን ካሂል በሰብዓዊ ርዳታ የአንድ ወር ዓለም አቀፍ ዲፕሎማ ማስተማር አስጀመሩ። ከዚያ ወዲህ በየዩኒቨርሲቲው ማስተርስ ሳይቀር ተከፍቷል።

ሆኖም ስፊርን አንዳንድ የፈረንሳይ ድርጅቶች ወዲያው ተቃወሙት። ነገሩን ሁሉ የሊትርና የሜትር ጉዳይ ካደረጋችሁት፣ ሊትር የማይለካውን የት ታደርጉታላችሁ? ነው ጥያቄያቸው። ይህን ለመረዳት ወደ ጎማ መመለስና ያቆየነውን መናገር ያስፈልጋል።

ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ 1994 በሩዋንዳ ቱትሲዎች በዘራቸው ተለይተው ተጨፈጨፉ፤ ለዘብተኛ የተባሉ ሁቱዎችም አብረው ተገደሉ። ጨፍጫፊው መንግሥት ተሸንፎ ሲሸሽ ሕዝቡን በፍርሃትም በግድም ይዞት ወጣ። በጎማ ዐለት ላይ የሰፈረው እንግዲህ አራስና ሕፃን፣ ሽማግሌና ገበሬ ብቻ አይደለም፤ ወታደሩም፣ ኢንተርሃምዌ የተባለው ገዳይ ሚሊሺያም፣ ሹማምንቱም አብረው ናቸው። ኮሌራው ሲበርድ ሰፈሩን የሚገዙት እነሱ ሆነው ተገኙ። የረድኤቱ እህል በቀድሞው አስተዳደር፣ በኮሚዩኑ ሹም በኩል ይታደላል፤ የሕዝቡ ቁጥር ተጋንኖ ይቀርባል፤ ትርፉ ተሽጦ ጦር ያጠናክራል። ወደ አገሬ ልመለስ ያለ ስደተኛ ይገደላል።

አሁን ነርሷ ምን ታድርግ? ኦአርኤሱን በትክክል በጥብጣ፣ በትክክለኛው ፍጥነት አጠጥታ፣ ከ100 አንድ ሳይሞትባት የምታድነው ሰው ነገ ቆንጨራውን ይዞ ይመለስ ይሆናል። ብትተወው ደግሞ አጠገቡ ያለው ሕፃን ይሞታል። የድንበር የለሽ ሐኪሞች የፈረንሳይ ክፍል በኅዳር 1994 ሰፈሮቹን ትቶ ወጣ። ሌሎች ብዙዎች ቆዩ፤ ሕፃኑ ምን አደረገ ብለው ቆዩ። በ1996 ጦርነት ሰፈሮቹን በታተናቸው፤ ብዙው ስደተኛ ወደ ሩዋንዳ ሲመለስ ሌላው ወደ ዛየር ጫካ ገባ፤ እዚያም የረገፈው ረገፈ።

የወጡት ትክክል ናቸው ወይስ የቆዩት? እኛ ይህን ጉዳይ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ለሁለት ማታ ተከራክረንበት አልተስማማንም። ከመካከላችን አንዱ «ሐኪም ዳኛ አይደለም፤ የቆሰለውን ያክማል፣ በቃ» አለ። ሌላዋ «ዳኛ ካልሆነ ዳኛውን የሚመግብ ይሆናል» አለችው። በማስተርሱ ክፍል ውስጥም ክርክሩ ከዚህ ብዙ የራቀ አይመስለንም።

በነገራችን ላይ ቋንቋችን እዚህ ላይ ተንኮለኛ ነው። «ረድኤት» ስንል የቤተ ክርስቲያን ሽታ አለው፤ ከላይ የሚወርድ ነው፣ አይጠየቅም። «ጣልቃ ገብነት» ስንል ደግሞ ያልተጠራ ሰው ነው፤ በሰው ነገር የሚገባ። ወደ ጎማ የወረደው አውሮፕላን ሁለቱንም ጭኖ ነበር።

ደግሞ ይህ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስለን። የእኛ ቤት ታሪክም በዚሁ ትምህርት ቤት ውስጥ ይነበባል። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ጊዜ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ሕዝብ ሊያልቅ ነው ብሎ ለጋሾችን የተማጠነው በመጋቢት 1984 ነበር። መረጃው ነበረ፤ ያሰባሰቡትም የአገሩ ልጆች ናቸው። የሰማ ግን እምብዛም አልነበረም። ደርጉም በበኩሉ ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ከተማውን ሲያስጌጥ ረሃቡ እንዳይታይበት ፈለገ። ዓለም የሰማው በጥቅምት 1984 የቢቢሲ ካሜራ ኮረምንና መቀሌን ካሳየ በኋላ ነው። ልክ እንደ ጎማ፣ ከሚያውቀው ሰው ቃል ይልቅ ሥዕሉ ተደመጠ።

ከዚያ ሠፈራው መጣ። ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከሰሜን ወደ ደቡብ ምዕራብና ምዕራብ ተጓጓዘ፤ ብዙው በግድ። የድንበር የለሽ ሐኪሞች የፈረንሳይ ክፍል ርዳታው ሰውን ማፈናቀያ ሆነ ብሎ በይፋ ጮኸ፤ በታኅሣሥ 1985 ከአገር ተባረረ። ሌሎቹ ድርጅቶች አብዛኞቹ ዝም ብለው ማብላቱን ቀጠሉ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ጎማ ላይ የተነሣው ክርክር እንግዲህ መጀመሪያ የተነሣው በእኛ እናቶችና አባቶች ላይ ነው። አንድ ልዩነት ግን አለ። እኛ ዘንድ የተጫነው ሰው ገዳይ አልነበረም፤ የተራበ ገበሬ ነበር። ስለዚህ ያ ጩኸት ልክ ነበር ብለን ለመፍረድ ይቀለናል። ዝም ብለው ያበሉት ደግሞ ያዳኗቸው ልጆች ዛሬ ሰው ሆነው፣ ወልደው፣ አንዳንዶቻችንን አስተምረዋል።

በ1994 ቀይ መስቀልና የረድኤት ድርጅቶች ያወጡት ባለ 10 አንቀጽ የሥነ ምግባር ደንብ በመጨረሻው አንቀጹ ላይ በአደጋ የተጎዳን ሰው በማስታወቂያና በፎቶግራፍ ተስፋ የሌለው ዕቃ አድርጎ ማሳየት እንደማይገባ፣ ክብር ያለው ሰው መሆኑ መታየት እንዳለበት ይናገራል። ይህን አንቀጽ ስናነብ ማን እንደ ታሰበን መናገር አያስፈልገንም። በየትም አገር ሄዶ «ኢትዮጵያዊ ነኝ» ያለ ሰው የሚመጣበትን ጥያቄ ያውቀዋል። ስድስተኛው አንቀጽ ደግሞ በአካባቢው ሰው ችሎታ ላይ ተመሥርታችሁ ሥሩ ይላል። ጥሩ ነው። ነገር ግን የዳካው ሐኪም ጎማ ላይ ከሌላው ቀድሞ ተጠርቶ ቢሆን ኖሮ ብለን እናስባለን።

አሁን ስለ አንዲት ነርስ ተናግረን እንጨርስ። ክሌር በርትሺንገር በ1984 መቀሌ ላይ በቀይ መስቀል የሕፃናት መመገቢያ ጣቢያ ትሠራ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከሺህ በላይ ሕፃን ተሰልፎ ይጠብቃታል። ማስገባት የምትችለው 60 ወይም 70 ነው። በሰልፉ መካከል እየሄደች መምረጥ ነበረባት። በጣም የደከመው ቢገባም ይሞታል፤ ትንሽ ጉልበት ያለው ለጊዜው ሊቆይ ይችላል፤ እንግዲህ ከሁለቱ መካከል ያለውን ትፈልጋለች። የመረጠችውን ምልክት ታደርግበታለች። ያልተመረጠው እናቱ ጀርባ ላይ እንዳለ ይቀራል።

ይህች ሴት ኋላ በለንደን የሐሩር አገሮች ሕክምና ትምህርት ቤት የነርሶች ዲፕሎማ ኃላፊ ሆና ወደ ሩቅ አገር የሚሄዱትን ታስተምር ነበር። ክብደትና ቁመት እንዴት እንደሚለካ፣ ክንድ በሜትር ተለክቶ የተጎዳ ሕፃን እንዴት እንደሚለይ ማስተማር ይቻላል። ያ መለኪያ ነርሷን ከብቻ ፈራጅነት ጥቂት ያሳርፋታል፤ ሙያ ማለትም ይኸው ነው። ሰልፉን ግን አያሳጥረውም። ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ ወደ መቀሌ ተመልሳ መጣች። የተረፉትን፣ ዐዋቂ የሆኑትን አገኘቻቸው፤ በፍቅር ተቀበሏት። ከነሱ ጋር ተቀምጣ ያለቀሰችው ግን ስለ ሌሎቹ ይመስለናል።